መስኮት የሌላቸው ቤቶች

ነገሩ ሲጀምር በሉቡክ ሲናሮ መንደር በአምስት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ አዳዲስ ቤቶች ተሠርተው ነበር። አንዱም መስኮት የለውም። ግድግዳቸው ግራጫ ሲሚንቶ ነው፤ ቁመታቸው የመስጊዱን ሚናራ ሊስተካከል ትንሽ ይቀረዋል። ከጣራቸው ሥር የሰው ጭንቅላት የማታስገባ ቀዳዳ አለች፤ ከቀዳዳዋ አጠገብ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ማጉያው ከንጋት እስከ ንጋት የወፍ ጫጫታ ያሰማል። የተቀዳ ድምፅ ነው። እውነተኛዋ ወፍ፣ ዋሌት የምንላት ጥቁሯ ትንሽ፣ ይህን ሰምታ ዘመዶቿ ያሉ ይመስላትና ትገባለች፤ በጨለማው ውስጥ በምራቋ ጎጆ ትሠራለች። ጎጆውን ሰው ነቅሎ ቻይና ድረስ ይሸጠዋል። እዚያ ሾርባ ይሠሩበታል አሉ። የእኛን ምራቅ ግን የሚገዛን አላገኘንም።

አሮጌዎቹ ቤቶች፣ እነዚያ ጣራቸው እንደ ጎሽ ቀንድ ወደ ላይ የሾለው፣ መስኮት ሞልቷቸዋል። የሌላቸው ሰው ነው። ወንዶቹ ጃካርታና ፔካንባሩ ሄደው ቀሩ፣ ሴቶቹም ተከተሏቸው፣ በየበሩ የተንጠለጠለው ቁልፍ ዛገ። አንድ ቤት ሰው ባጣ ቁጥር ከጎኑ አንድ የወፍ ቤት ይበቅላል። ይህን ከሁሉ ቀድማ ልብ ያለችው ዳርኔሊስ ናት። «ወፎቹ ምን አደረጉ» ትል ነበር፤ «ሰውዬው ነው አንድ በአንድ እየለቀመን ያለው።»

ሰውዬው የምትለው ሄርላንን ነው። ከሜዳን ከተማ የመጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን ከደረጃው ሥር አስተካክሎ የሚያወልቅ፣ ባዶ እጁን የማይመጣ ጨዋ ነው። ጨዋነቱ ነበር የሚያስፈራት። ባለጌ ቢሆን በመጥረጊያ ታባርረው ነበር።

ኔሊስ፣ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራት፣ ያኔ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነበር። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። በእኛ ዘንድ ቤትና መሬት ከእናት ወደ ሴት ልጅ ነው የሚወርደው፤ ወንድ ልጅ ማዕረግ ይወርሳል እንጂ ማሳ አይወርስም። ባልም በሚስቱ ቤት ግንድ ላይ እንዳረፈ አመድ ነው፣ ንፋስ ሲነሳ ይሄዳል። ስለዚህ ቤቱም የምንጩ ማሳም በእሷ እጅ ነበሩ። የምንጩ ማሳ የምንለው ከኮረብታው ሥር ያለውን የሩዝ እርሻ ነው፤ አገሩ ሁሉ በደረቀበት ዓመት እንኳ ውሃው አልተቋረጠም። ከማሳው ራስጌ የቤተሰቡ መቃብር አለ። ዋሌት ውሃ ትወዳለች፣ እየበረረች ነው የምትጠጣው። ሄርላንም ያንን ማሳ ወደደው።

«ኢቡ ኔሊስ» አላት አንድ ቀን እንደ ወይዘሮ አክብሮ፣ ያመጣውን ብስኩት ፊቷ አስቀምጦ፤ «የምንጩን ማሳ ቢሸጡልኝ ዋጋውን እርስዎ ይጥሩት።»

«የኔ ቢሆን አይደል የምሸጠው» አለችው። «የእናቴ ነው። የልጄ ነው። ገና ያልተወለደችው የልጅ ልጄ ነው። እኔ ዘበኛ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ የጎሳ መሬት አይሸጥም።» ፈገግ አለ። «በወለድ አገድ ግን ይያዛል። ተሳሳትኩ?»

አልተሳሳተም። ኔሊስ ብስኩቱን ወደ እሱ መልሳ የገፋችው ያኔ ነው። መሬት ፈላጊ ብዙ አይታለች፤ ወጋችንን አጥንቶ የመጣ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በወጋችን የጎሳ መሬት በወለድ አገድ የሚሰጠው በአራት ምክንያት ብቻ ነው። ሬሳ ቤት ውስጥ ተጋድሞ ማስቀበሪያ ሲታጣ፤ ትልቁ ቤት ሲያፈስ፤ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያለ ባል ስትቀር፤ የጎሳው ማዕረግ ወድቆ መነሳት ሲኖርበት። ከአራቱ አንዱ ከሌለ መቶ ሽማግሌ ቢፈርም ከንቱ ነው። አንዱ ካለ ደግሞ የቤቱ ሴት አውራ ጣትና የጎሳው አለቃ ፊርማ ይበቃል። ያያዘው ሰው ገንዘቡ እስኪመለስለት ያርሰዋል። ድሮ ያያዘው ጎረቤት ስለነበር ሁለት ሦስት መኸር አርሶ ይመልስ ነበር። ሄርላን ግን አራሽ አይደለም። ሲሚንቶ የተዘራበት ማሳ ደግሞ ተመልሶ ሩዝ አያበቅልም፤ ይህን ኔሊስ ከዘጠኙ ቤቶች ተምራለች።

የጎሳው አለቃ ዳቱክ ቡስታማም ናቸው፣ የኔሊስ እናት ታናሽ ወንድም፤ ዳቱክ የአለቃነት ማዕረጉ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ተረት ዐዋቂ፣ ሕፃን ሲያለቅስ የሚያባብሉ ሰው ናቸው። ከዘጠኙ የወፍ ቤቶች በአምስቱ ወረቀት ላይ ፊርማቸው አለ። ከአምስተኛው በኋላ ቀይ ሞተር ብስክሌት ይዘው ታዩ። ከየት እንዳመጡት የጠየቃቸው የለም፣ የእኛ ሰው እንዲህ ያለውን ለዳቱክ አይጠይቅም።

ሄርላን በሄደበት ዕለት፣ ከዐሱር ሰላት በኋላ፣ ኔሊስ ነገሩን ለእናቷ ነገረቻቸው። እናቷ ሳሪባኑን እግራቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመታቸው ነበር፤ ከቤቱ መሐል ምሰሶ አጠገብ ተኝተው ነው የሚውሉት። ጭንቅላታቸው ግን ንጹሕ ነው።

«እጅሽን አምጪ» አሏት። የልጃቸውን አራት ጣት አንድ በአንድ አጠፉት። «ጣራ። ልጅቷ። ሬሳው፣ እሱ እንግዲህ እኔ ነኝ። ማዕረግ። እነዚህን አራቱን ጠብቂ።»

«እጠብቃለሁ እማዬ።»

«ስሚኝ እስኪ። ከአራቱ ሦስቱ እያለቀሱ ነው የሚመጡት፣ ስታያቸው ታውቂያቸዋለሽ። አንዱ ግን እያሳሳቀ ይመጣል። ውሃ ሰውን እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።»

«ሠርጉን ማለትሽ ነው? የልጄን የየኒን ሠርግ?»

ሳሪባኑን ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ተኝተው ይሁን ሰልችቷቸው አልታወቀም።

መጀመሪያ የመጣው ጣራው ነው። በኅዳር አንድ ከሰዓት የተነሳ ንፋስ የግራውን ቀንድ ቆርቆሮ ነቅሎ ሙዝ ተክሉ ውስጥ ጣለው። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ዘነበ። ጠዋት ኔሊስ ወለሉን ሳትወለውል ቀዩ ሞተር ከደረጃው ሥር ቆሟል።

«ኔሊስ፣ ትልቁ ቤት አፈሰሰ አሉ» አሉ ዳቱክ እየገቡ።

«ማን አለ?»

«ለዝናብም ምስክር ይጠራል እንዴ?» ከሸሚዛቸው ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። «የማንም ጥፋት አይደለም። ወጉ የሚፈቅደው ነው። ቤቱ ደህና ጣራ ያገኛል...»

«ዳቱክ፣ እንግዲህ ከመጡ አይቀር ያንን ባልዲ ይድፉልኝ፣ ሞልቷል።»

ባልዲውን አልደፉም። ኔሊስም ወረቀቱን አላየችውም። ከላም በረቱ ላይ ስምንት ቆርቆሮ ነቅላ፣ ቀሚሷን በሱሪ ላይ አስራ፣ መሰላል አቁማ ወጣች። ጎረቤቷ ሮስኒ፣ ሙዝ ጠብሳ የምትሸጠው፣ መሰላሉን ከሥር ያዘችላት፤ አፏን ግን የሚይዝላት አልነበረም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ብትወድቂ እኮ ሬሳም ይጨመርበታል! ሁለት ምክንያት በአንድ ቀን! ዳቱክ ሞተራቸውን በመኪና ይለውጣሉ!»

«መሰላሉን ያዢ፣ አፍሽን ዝጊ!»

«ሁለቱን አልችልም፣ አንዱን ምረጪ።»

ኔሊስ ጣራው ላይ ሆና ሳቀች። ቀንዱ ተጣመመ፣ አዲሱ ቁራጭ የላም ሽታ አለው፣ ግን ማፍሰሱ ቆመ። ዳቱክ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከግቢው ሲያዩ ቆዩና ወረቀቱን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት። «ይቆያል» አሉ። ሲሄዱ ከፍቷቸው አልነበረም፤ ይህም አላስደሰታትም።

የኒ የኔሊስ ሴት ልጅ ናት። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ለአንድ አስተማሪ ታጭታ ሁለት ዓመት ጠብቃለች። ከረመዳን በፊት የአስተማሪው አክስቶች መጡና ቀለበቱን በመሐረብ ጠቅለው መለሱ። ሻይ እንኳ አልጠጡም። «ልጃችን ገብቶ የሚኖረው ባዶ ቤት ውስጥ ነው አሉን» አለች አንዷ፤ «ማሳውም ሲሚንቶ ሊሆን ነው አሉ።» ማን አለ ስትባል ወደ ጓደኞቿ አየች። የኒ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ቀዩ ሞተር መጣ።

ዳቱክ በእውነት አዝነው ነበር፣ ይህን መካድ አይቻልም። «የልጅቷ ዕድሜ እየሄደ ነው» አሉ። «ማሳውን እናስይዝና ስሙ የሚሰማ ድግስ ይደገስ። ከሌላ መንደር ደህና ቤተሰብ ይመጣል። ያለ ባል የቀረች ልጅ ለጎሳው ነውር ናት፣ ኔሊስ።»

«የቀረች ማን ናት? ሐሙስ ሠርጓ ነው» አለች ኔሊስ።

ከማን ጋር እንደሆነ ያኔ ራሷም አላወቀችም። ማክሰኞ ግን ኢስዋንዲን ጠራችው። ኢስዋንዲ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ የየኒን አሮጌ ሞተር ገንዘብ ሳይቀበል ሲጠግን ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ ሞተሩ ደግሞ ያን ያህል አይበላሽም ነበር። ሐሙስ ዕለት ኢማሙ መጡ፣ አሥራ ሁለት ሰው ተቀመጠ፣ አንድ ዶሮ ታረደ። ሙሽራው የኔሊስን ሟች ባል ኮት ለብሶ እጅጌው ክርኑ ላይ ቆመ፤ ሕፃን ሽማግሌው በሳቅ ፈረሰ። ሙሽራውም ሳቀ። ኔሊስ ከሁሉ በላይ ሳቀች፤ «እያሳሳቀ የሚመጣው ይኸው መጥቶ አለፈ» አለች በልቧ።

የኒ ብቻ አልሳቀችም። ሳህን ስታጥብ ቀስ ብላ ጠየቀቻት። «እማዬ፣ የዳርሽው እኔን ነው ማሳውን?»

«ሁለታችሁንም።»

የኒ ሳህኑን ደፍታ ሄደች። ዛሬ ከኢስዋንዲ ጋር በሰላም ይኖራሉ፣ ጥያቄዋን ግን እናቷ አልረሳችውም።

በሚቀጥለው ዓመት የትኩሳት ወር መጣና ሳሪባኑን ጸናባቸው። ዳቱክ በየቀኑ ይመጡ ጀመር። ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፣ ከእህታቸው ራስጌ ይቀመጣሉ፣ ብርቱካኑን ልጠው ፍሬ ፍሬውን አፋቸው ውስጥ ያደርጉላቸዋል፣ የልጅነት ጨዋታ ያነሱላቸዋል። እንከን የሚወጣለት ነገር አልነበረም። ኔሊስ ግን አንድ ነገር አየች፤ ዳቱክ ከእህታቸው ፊት ይልቅ ከፍ ዝቅ የሚለውን ደረታቸውን ነው የሚያዩት። የሸሚዛቸው ኪስም እንዳበጠ ነው። አንዳንዴ ሲያጎነብሱ ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል፤ ያን ጊዜ ሳሪባኑን ዓይናቸውን ይከፍታሉ።

ማክሰኞ ሱብሂ ላይ ሳሪባኑን አረፉ።

በእኛ ወግ ጀናዛው ከቤቱ መሐል ይጋደማል፣ ሴቶች ያለቅሳሉ፣ በሩቅ ላለው ይላካል፣ ወንድ ልጅ እስኪደርስ ይጠበቃል፣ እንስሳ ይታረዳል። የኔሊስ ወንድ ልጅ ራፍዲናል ጃካርታ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል፤ አያቱ ናቸው ያሳደጉት። እሱን ለመጠበቅ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይፈልጋል። በዚያ አንድ ቀን ውስጥ ስንት ሰው ይመጣል፣ ስንት ማሰሮ ይጣዳል፣ ዳቱክስ ስንት ጊዜ «ከየት አምጥተሽ?» ይላሉ?

ኔሊስ አልጮኸችም። የኒን ቀሰቀሰች፣ ኢስዋንዲን መቃብር ሊቆፍር ላከች፣ እናቷን በምንጩ ውሃ አጠበች። ከፈኑን ከዓመት በፊት ገዝታ ደብቃው ነበር። ኢማሙ «ራፍዲናልስ?» ቢሏት «እርስዎ ብቻ ይስገዱልኝ» አለቻቸው። ረፋዱ ላይ ቀዩ ሞተር ሲደርስ ቃሬዛው ከደረጃው እየወረደ ነበር።

«እህቴን! እህቴን ሳላያት!» ብለው ጮኹ ዳቱክ። ቆባቸው ወደቀ። ልቅሶው የእውነት ነበር፣ ሰው ሁለት ልብ ይኖረዋል።

ኔሊስ ግን ኪሳቸውን ነበር የምታየው። «ሬሳ ቤት ውስጥ የለም ዳቱክ» አለቻቸው። «ከፈለጉ ገብተው ይፈትሹ።»

ሦስተኛው ቀን ሳይደገስ አለፈ። ሰባተኛውም፣ አርባውም። መንደሩ አንዴ አፉን ከከፈተ መዝጋት አይችልም፤ «እናቷን እንደ ድመት ቀበረቻት» አሉ። ሮስኒ እንኳ ሙዝ ስትጠብስ ጀርባዋን ሰጥታ መቀመጥ ጀመረች። ይህን ሁሉ ኔሊስ ቻለችው። ያልቻለችው ራፍዲናልን ነው።

አያቱ በተቀበሩ ማግስት ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ መቃብሩ ጋ ሄደ። አፈሩ ላይ ተቀምጦ ነበር ስትደርስበት። «አንድ ቀን» አላት ቀና ሳይል። «አንድ ቀን መጠበቅ አቃተሽ? ፊቷን እንኳ ሳላይ?»

«ወረቀት ይዘው ነበር ልጄ፣ ማሳውን ሊ...»

«ስለ ወረቀት ነው የምታወሪኝ?»

ሳያድር ተመልሶ ሄደ። ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አልደወለላትም። ኔሊስ በየምሽቱ ስልኳን ከትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛ ነበር። እናቷን ስትቀብር ያልወጣ እንባ በዚያ ስልክ ላይ አለቀ።

ማሳው ግን ዳነ። በዚያ ዓመት ሩዙ አጎንብሶ ነበር፣ እንዲህ ያለ አዝመራ ካየን ቆይተናል። ኔሊስ ድንበሩ ላይ ቆማ ጣቶቿን አጠፈች፤ ጣራ፣ ልጅ፣ ሬሳ። ማዕረጉን ፈርታው አታውቅም፤ ማዕረጉ የት ወድቆ ነው የሚነሳው? በዳቱክ ቡስታማም ራስ ላይ ተቀምጦ ሞተር እየነዳ ነው።

በኢድ ማግስት ዳቱክ በእግራቸው መጡ። ሞተር የለም፣ ላስቲክ የለም። የናስ ሣጥን ውስጥ የሲሪ ቅጠል ይዘዋል፣ በእኛ ዘንድ ለደግ ነገር ሲመጡ የሚያዝ። ከሩቅ እየሳቁ ነው የመጡት። ከኋላቸው ራፍዲናል ነበር።

ኔሊስ ልጇን ስታይ የያዘችው ማንኪያ ከእጇ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ እጇን ሳመ።

«ኔሊስ» አሉ ዳቱክ ደረጃውን በጭንቅ ወጥተው፤ «ኮረብታው ከፍ አለብኝ፣ ሸለቆው ጠለቀብኝ።»

አንድ ዳቱክ በቁሙ ማዕረጉን ሲያወርድ እንዲህ ነው የሚለው። ኔሊስ ቃሉን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ለቤቷ ይባላል ብላ ግን አስባ አታውቅም።

«ማንን... ለማን?» አለች።

«ለማን ይሆናል! የእህቴ የልጅ ልጅ እያለ ለጎረቤት ልስጠው?» ብለው የራፍዲናልን ትከሻ መቱት። «ጃካርታ ድረስ ሄጄ ነው ያመጣሁት። እምቢ ሲለኝ፣ አያትህ ብትኖር ምን ትል ነበር አልኩት።»

ሮስኒ ከአጥሩ ማዶ ሰምታ እልልታዋን አቀለጠችው። ዓመት ሙሉ ጀርባዋን የሰጠች ሴት! ወዲያው ግቢው ሞላ። ከቤቷ እግራቸውን የቆረጡ ሴቶች የኢድ ኬክ በሳህን ይዘው መጡ፣ አንዷ አቀፈቻት፣ ሌላዋ «የዳቱክ እናት!» ብላ ጠራቻት። ኔሊስ እየሳቀች ታለቅስ ነበር። ሳሪባኑን ሙሽራ ከነበሩበት ቀን ወዲህ ቤቱ እንዲህ በሳቅ ተሞልቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

«እንግዲህ ጎሽ ካልታረደ ማዕረግ አይነሳም» አሉ ዳቱክ፣ ሁሉም ሻይ ከያዘ በኋላ። «ሁለት ጎሽ ነው ወጉ። የሦስት ቀን ድግስ።»

«ሁለት ጎሽ ከየት ይመጣል?» አለች ኔሊስ፣ ሳቋ ሳይከስም።

«ወጉ ራሱ በሩን ከፍቶልሻል እኮ ልጄ።» እጃቸው ወደ ሸሚዛቸው ውስጠኛ ኪስ ገባ። «ለሬሳ አይደል፣ ለጣራ አይደል። ለክብር ነው። ለሁለት መኸር ብቻ።»

ያው ላስቲክ ነበር። ያው ወረቀት፣ ጠርዙ በኪስ ላብ ለስልሷል። ኔሊስ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘርግታ አየችው። የማሳው ስም ተጽፏል፣ የሄርላን ስም ተጽፏል፣ የእሷም ስም ተጽፏል። ምክንያቱ የሚሞላበት መስመር ብቻ ባዶ ነበር። ይህ ሁሉ ዓመት ባዶውን ይዘው ነው የዞሩት።

ቀና አለች። ሁሉም ይስቃሉ። የእናቷ ድምፅ ከመሐለኛው ምሰሶ በኩል የመጣ መሰላት። «ይቆይ» አለች። «ትንሽ ይቆይ፣ ዳቱክ።»

ሳቁ ቀነሰ። ሮስኒ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ራፍዲናል ወደ እናቱ ጠጋ ብሎ ሌላው እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«እማዬ፣ አያቴን ያለ ድግስ ቀበርሽ፣ እሺ። እኔንም ያለ ድግስ ልታነሺኝ ነው? ወይስ ዛሬም ማሳው ይበልጣል?»

ለማንም ሰው እምቢ ትል ነበር። ለጣራው እምቢ ብላለች፣ ለልጇ ሠርግ፣ ለእናቷ ጀናዛ። ለዚህ ግን አቅም አልነበራትም፤ ልጇን ሁለተኛ ልታጣው አልቻለችም። ደግሞም፣ ምን እደብቃለሁ፣ የዳቱክ እናት መባሉ ጣፍጧት ነበር። አውራ ጣቷን ሰጠች። ቀለሙ ሐምራዊ ነበር፤ ለቀናት አልለቀቀም።

ሦስቱ ቀን አምሮ አለፈ። ራፍዲናል በወርቅ ክር የተጠለፈ ጥቁር ካባ ለብሶ፣ ጩቤ በወገቡ ሻጥ አድርጎ ሲወጣ ሽማግሌዎች ተነሱለት። የሁለት ጎሽ ሥጋ በኮኮናት ወተት ሲንተከተክ ሽታው ሦስት መንደር ደረሰ። ኔሊስ በእነዚያ ሦስት ቀናት እንደ ልጃገረድ ነበረች።

በአሥራ አራተኛው ቀን የሲሚንቶ መኪና የምንጩ ማሳ ዳር ቆመ።

ኔሊስ እየሮጠች ቤት ገባች። ራፍዲናል ሻንጣውን እየዘጋ ነበር። «ሊገነቡ ነው! ያስያዝነው ለእርሻ አይደል? ማን ፈቀደ?»

ልጇ የሻንጣውን ዚፕ ስቦ ዘጋው። «ሁለተኛ ገጽ ነበረው» አለ። «ግንባታ የሚፈቅድ። ካባውን ባወለቅኩ ማታ ዳቱክ ቡስታማም አስፈረሙኝ። አሁን ፊርማው የኔ ነው አሉኝ። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ... ወፍ እኮ ናት፣ እማዬ። ምን ትጎዳለች?»

የመጀመሪያ የዳቱክነት ፊርማው እሱ ነበር። ኔሊስ ልትመታው እጇን አንስታ ነበር አሉ፤ ዳቱክ ስለማይመታ አወረደችው።

ሄርላን ጋ ሄደች። ተነስቶ ተቀበላት፣ ወንበር ጠረገላት። «ገንዘቡን በመለሱ ቀን ማሳው የእርስዎ ነው፣ ወላሂ» አላት። «የሕንፃውንም ዋጋ ይጨምሩልኛል እንጂ።» ይህን ለሮስኒ ስትነግራት ሮስኒ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደችም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል» አለች፤ «እሱ ደግሞ ሞኝ አይደለም።» መንደሩ ግን አልማራትም። ሁለት ጎሿን በልቶ ሳይጨርስ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላት ጀመር።

አሥረኛው ቤት ከመቃብሩ ሃያ እርምጃ ላይ ቆመ። ምንጩ በቧንቧ ወደ ውስጥ ገባ፣ የታችኛው ማሳ ተሰነጠቀ። ራፍዲናል ጃካርታ ነው፤ የሱቁ ሰሌዳ ላይ «ዳቱክ» ብሎ አጽፏል አሉ። ኢስዋንዲ የወፍ ቤቱ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ፣ ሌላ ሥራ ከየት ይመጣል? ዳቱክ ቡስታማም እሁድ እሁድ ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፤ ኔሊስ ትቀበላቸዋለች፣ ልጣጩንም ትጥላለች።

ሳሪባኑን ባረፉ በሁለተኛው ዓመት ኔሊስ ያልደገሰችውን ልትደግስ ተነሳች። አንድ ዶሮ አረደች፣ ቢጫ ሩዝ ቀቀለች፣ ኢማሙንና ስምንት ሰው ይዛ መቃብሩ ጋ ሄደች። ጫጫታው ከላይ ይወርድባቸው ነበር። እውነተኞቹ ወፎች ገና አልለመዱም፤ ቴፑ ነው ብቻውን የሚጮኸው።

«ኢስዋንዲ፣ ልጄ» አለችው፤ «ዱዓው እስኪያልቅ አጥፋልኝ።»

ኢስዋንዲ ከበሩ ላይ ሆኖ መሬት መሬት አየ። «እናቴ፣ ከጠፋ ወፎቹ አይመጡም። ሰውዬውም በስልኩ ያየዋል። ይባርረኛል።»

«የሚስትህ አያት ናት እኮ።»

«አውቃለሁ፣ እናቴ።»

አላጠፋውም። ኢማሙ መዳፋቸውን ዘርግተው ጀመሩ፤ ጢማቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ አንዲት ቃል አትሰማም። ሰዎቹ መቼ አሚን እንደሚሉ ጠፍቷቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። ኔሊስ አፈሩ ላይ ተንበረከከች፣ አፏን ወደ ራስጌው ድንጋይ አስጠጋች፣ ከጫጫታው በላይ ለመሰማት ያላትን ድምፅ ሁሉ አውጥታ ተናገረች።

«እማዬ! እያሳሳቀ የመጣውን እኔው ነኝ ያስገባሁት! በራፌ ላይ ሆኜ፣ እየሳቅኩ!»

ከአጠገቧ የቆመችው ሮስኒ እንኳ አልሰማቻትም። ኢማሙ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይተው ዱዓ የምታደርግ መሰላቸውና እስክትጨርስ ጠብቀው እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ። ከዚያ ዶሮው ቀረበ።